በጣሪያው ይለፍ

ሰኔ 3 ቀን 2016፣ መቱ

ትግስት ከአዲስ አበባ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ሁለት ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ። ሥራዋንም ይዛ ነው የመጣችው፤ እቤት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። የተቀዳ የሰው ድምፅ ይልኩላታል፣ በማዳመጫ እየሰማች በአማርኛም በኦሮምኛም ትጽፋለች፣ መልሳ ትልካለች። ኢንተርኔት እስካላት ድረስ የት ሆነሽ ነው የሚላት የለም። ያማረራት የቤት ኪራዩ ነው።

"ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነልኝ እመለሳለሁ" አለች፣ ፊቷን ወደ ሻንጣዋ አድርጋ።

እርስዎ ነው የምትለኝ። ልጅ ሳለች "እማ፣ ነይ" ነበር። የወለድኳት እኔ አይደለሁም፤ ምትኩን ሳገባ እናቷ የሞተችባት፣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረች። ፊደል የለየሁት በእሷ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ጮክ ብላ ስታነብ ከኋላዋ ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ አብሬያት አነብ ነበር። እርስዎ የሆንኩት አባቷን ከቀበርን በኋላ ነው።

ትቅርልኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

ሰኔ 6

ግቢው አንድ ነው፣ ቤቱ ሁለት። በመንገዱ በኩል ያለው የምትኩ እህት የሻሽቱ ጠጅ ቤት ነው፤ ጓሮ ያለው የእኔ። ምትኩ ያስገባው የስልክ መስመር የሚገባው በጠጅ ቤቱ በኩል ነው። እዚያ የነበረውን የኢንተርኔት ሳጥን ሚያዝያ ላይ መብረቅ አቃጠለው። ሻሽቱ ሌላ አልገዛችም፤ ጠጅ ያለ ኢንተርኔትም ይጠጣል።

ፊት ለፊት እትዬ ሻሽቱ፣ እርስዎ እላታለሁ። እዚህ አልልም።

ጉርሙን አስጠራሁት። የመስመር ሥራ የሚሠራ የሠፈራችን ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ አየና "ሃዳ ኮ" አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው። "አንድ ሳጥን አይበቃዎትም። ቆርቆሮ ሲግናል ይበላል። አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ፣ መሀል ለመሀል ኬብል።"

"ትግስት እዚያው ጠጅ ቤቱ ውስጥ ብትሠራስ?"

"ሰካራም እየዘፈነባት? የዘፈኑን ግጥም ነው ጽፋ የምትልክላቸው።"

ሰኔ 8

ገበያው መግቢያ ላይ ካለው ከሙነወር ሱቅ ሄድኩ። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ የያዝኩትን ብር መልሼ ቋጠርኩ። ይህን አይቶ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ካርቶን ጎተተ።

"የታደሰ አለኝ፣ እትዬ አባይነሽ። ከውጭ አገር ቢሮ የወጣ፣ ተፈትሾ፣ ተወልውሎ፣ እንደገና የታሸገ። ጥንዱን ለሚወስድ ደግሞ እቀንሳለሁ።"

"የታደሰ ማለት ያገለገለ ማለት ነው?"

"ያገለገለማ እኔም አገልግያለሁ።" ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። "የታደሰ ማለት ታሞ፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ድኖ የወጣ ማለት ነው።"

"ከሐኪም ቤት የወጣ ሁሉ ድኖ ነው የሚወጣው?"

"ወላሂ፣ እርስዎን ሲያዩዎት ዝምተኛ ይመስላሉ።"

ሁለቱንም ሰክቶ አሳየኝ። አረንጓዴ መብራታቸው በራ። የካርቶኑን ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩ፣ እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል። መስታወቱ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። እሱንም አነበብኩ። ገዛሁ።

ሰኔ 11

ኬብሉ በየት ይለፍ ብዬ ሻሽቱ ዘንድ ሄድኩ። ብርሌ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

"ግድግዳዬ አይበሳም።"

"በአጥሩ ጥግስ፣ እትዬ?"

"አጥሩ ሥር ሰካራም ይሸናበታል። የወንድሜ ልጅ እንጀራ በሽንት ውስጥ ይለፍ?" ጠጪዎቹ ሳቁ።

"መሬት ውስጥ ብንቀብረውስ?"

"በዚህ ዝናብ ደጃፌን ልትቆፍሪብኝ!" ከዚያ ብርሌውን አስቀመጠችና አየችኝ። "በጣሪያው ይለፍ። ጣሪያው የወንድሜ ነው። በጣሪያው ከሆነ እኔ አልከለክልም።"

ሳቁ ቆመ። ምትኩ ከዚያ ከጓሮ ቤታችን ጣሪያ ወድቆ እንደሞተ በዚህ ሠፈር የማያውቅ የለም። በዝናብ ዲሹን ለማስተካከል ወጣ፤ ቆርቆሮው አንሸራተተው። እኔ ተኝቼ ነበር። ያኔም እንዲህ ነው ያልኩት።

ሰው ጣሪያ ላይ የሚወጣው በገዛ እግሩ ነው።

ሰኔ 14

አንደኛው ሳጥን በጠጅ ቤቱ ሠራ። በእኔ ቤት ያለው ቀይ አበራ፣ ጠፋ፣ በቃ።

ትግስት ከላይ ከታች አገላበጠችው። "አዲስ ነው?"

"የታደሰ ነው።"

"አሃ። ለእኔ ሲሆን የታደሰ።"

ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እኔ ብቻ እንድሰማው።

ሰኔ 15

ሙነወር ጋ ተጣላሁ። መጣላት ከተባለ።

"ሱቄ ውስጥ በርቷል። በዓይንዎ አይተዋል" አለ።

"እቤት አልበራም።"

"ታዲያ የቤትዎን መብራት እኔ ላስጠግን?" ወደ ደንበኞቹ ዞረ። "ሰው ርካሽ ይገዛል፣ ከዚያ እንደ ውድ ይሥራልኝ ይላል!"

አንዷ "እሷማ ርካሽ ነገር ትወዳለች" አለች። ማን እንደሆነች አላየሁም።

አልሄድኩም። በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሲመጣ ገለል እልለታለሁ፣ ሲገባ ተመልሼ እቆማለሁ። ዝናቡ መጣ፣ ቆምኩ። ዝናቡ ሄደ፣ ቆምኩ። በመጨረሻ ሙነወር "እትዬ፣ ይርገሙኝ! ይስደቡኝ! ብቻ ዝም ብለው አይዩኝ!" ብሎ ሌላ ሳጥን ሰጠኝ፤ ወረወረልኝ ማለት ይቀላል። ክዳን የለውም። በላስቲክ ታስሯል። "ክዳኑ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው" አለ።

እቤት ሰካሁት። አረንጓዴ ነው። የቀረው ኬብሉ ብቻ ነው።

ሰኔ 21

ኬብሉ እስኪዘረጋ ትግስት በጠዋት ጠጅ ቤቱ ውስጥ ትሠራለች፣ ጠጪ ሳይመጣ። ሻሽቱ ቁርሷን ታቀርብላታለች። ትግስት "አዳዳ" ትላታለች፣ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አዳዳ ስትል ድምፅዋ ሌላ ነው።

ሻሽቱ የይለፍ ቃሉን አንዱን ጠጪ በኖራ ግድግዳው ላይ አስጽፋዋለች። አሁን ከእኩለ ቀን በፊት ይመጡ ጀመር። አንድ ብርሌ ይዘው ቪዲዮ ያያሉ፣ የትግስት ሥራ ይንቀረፈፋል። ሻሽቱን እንዲህ አይሆንም አልኳት።

"ጠጅ ለጠጣ ኢንተርኔት በነፃ ነው። አንቺም ጠጪና ተጠቀሚ።"

ትግስት ሰማች። ፈገግ አለች። ለእኔ አልነበረም።

ሰኔ 27

ጉርሙ መሰላሉን ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ትግስት ወደ ገበያ ሄዳ ነበር።

"ዛሬ አይሆንም" አልኩት።

"ሃዳ ኮ፣ በመቱ ክረምት ቆርቆሮ ደርቆ አየሁ የሚል ሰው ካለ ያሳዩኝ።"

"ሲያባራ ና።"

"መስከረም ማለትዎ ነው?"

ሲያባራ ና አልኩት። "ቶሌ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። መሰላሉን ይዞ ሄደ።

ትግስት ስትመጣ "ጉርሙ አልመጣም?" አለች።

አልመጣም አልኩ።

ሐምሌ 2

ነጎድጓድ። እንደ ሠፈሩ ሰው ሁሉ እኔም ሶኬት ለመንቀል ሮጥኩ። የራሴን ነቀልኩ፣ ወደ ጠጅ ቤቱ ሮጬ የዚያኛውንም ነቀልኩ። ትግስት የጠዋቱን ሥራ በሙሉ እየላከች ነበር። መሀል ላይ ተቋረጠ። ጠፋ አለች። ሁሉም ጠፋ።

"ምነው ባይነኩብኝ! ምን አደረግኩዎት?"

"መብረቅ..."

"መብረቅ እኔን ያግኘኝ! እርስዎን ምን አገባዎት?"

እንዲህ አይባልም። ዝናብ እየዘነበ እንዲህ አይባልም። አፏን በእጄ ልሸፍን ጥቂት ቀረኝ።

ሻሽቱ ከጋኑ ጀርባ ሆና "በማታውቂው ነገር እጅሽን አታስገቢ" አለችኝ። የቀድሞው ሳጥን በሚያዝያ የተቃጠለው ማንም ስላልነቀለው ነው። ማንም አላስታወሰውም።

ሐምሌ 6

መስቱራ ዘንድ ሳሙና ለመግዛት ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ሱቋ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አላት፣ ድራማ እያየች ነበር። ጨዋ ሴት ናት፣ ሰው ለማስከፋት ብላ አትናገርም።

"ያኔ ከተማው ሁሉ የሚያየው ድራማ ትዝ ይልዎታል፣ እትዬ? ባለ ሁለት ሚስቱ ሰውዬ። መጨረሻው እንዴት ነበር? እኔ ያን ሳምንት ኡካ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አመለጠኝ።"

"አላውቅም" አልኩ።

"እንዴ፣ እርስዎ አንድም ቀን አያልፍዎትም ነበር እኮ!"

እውነቴን ነው። መጨረሻውን አላየሁም።

ዝናቡ ሳያባራ ተነሥቼ ወጣሁ። ሳሙናውን ረሳሁት። ቤቴ ያለው ቴሌቪዥን ጨርቅ ለብሶ ከተቀመጠ ስድስት ክረምት ሆነው። ለምን አልሸጥሽውም ይሉኛል። ማን ይገዛዋል እላለሁ።

ትግስት ያን ክረምት አዲስ አበባ ተማሪ ነበረች። ደርሳ አፈሩን አላለበሰችውም፤ መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ በዴሌ ላይ አደረች። "ማን አስወጣው?" ብላ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ነው። ተኝቼ ነበር አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋን ነው የማልችለው። ብትጠይቀኝ ያንኑ እመልስላት ነበር፣ ግን ብትጠይቀኝ።

ሐምሌ 9

ጉርሙ መጣ። ካፊያ። መለስኩት።

ለትግስት፦ ሁሩሙ ከተማ ሄዶ ሥራ ይዞታል አልኩ።

ሐምሌ 13

ትግስት አልበላችም። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተደባድበው ጠረጴዛዋ ላይ ጠጅ ፈሰሰ። ላፕቶፑ ተረፈ። ጎንበስ ብላ በቀሚሷ ስትጠርገው በበሩ ስንጥቅ አየኋት። መግባት ነበረብኝ።

ሐምሌ 19

ገብርኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፀሐይ ወጣች። ጉርሙ ፀሐይዋን አይቶ ከኋላዬ መጣ። ቆርቆሮው እየጨሰ ነው፣ በእውነት እየደረቀ ነበር። መሰላሉን አስደገፈ። ሁለት እርከን ወጣ።

"ውረድ" አልኩት።

"ደርቋል እኮ፣ ሃዳ ኮ።"

"አልደረቀም።"

ወርዶ እጁን በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አሳረፈና መዳፉን አሳየኝ። ደረቅ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ አየ። "ያን የዛገ ዲሽ በዚያው ላውርደው? ኬብሉን ማሰሪያ ይሆነን ነበር።"

"አትንካው!"

ጮህኩ መሰለኝ። ጉርሙ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ አልቀለደም። "እኔ እንደሆንኩ ከመቶ ጣሪያ ላይ ወርጃለሁ" አለ። "ሰው ሁሉ አይወድቅም።" መሰላሉን አጥሩ ሥር አጋድሞ ሄደ። የኬብሉን ጥቅልል ደጄ ላይ ትቶታል።

ሻሽቱ በደጃፏ ቆማ ሁሉን አይታለች።

ሐምሌ 24

ትግስትን ከአዲስ አበባ ደወሉላት። እኔ ጓዳ ነበርኩ። "አዎ... አዎ፣ ገብቶኛል... እስከ ሰኞ አስተካክላለሁ" ስትል ሰማሁ። ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን በቡጢ መታች። ጭቃው ረገፈ።

እስከ ሰኞ መስመሯ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ይሰጡባታል። ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች።

ነገ ጉርሙን አስጠራለሁ። ደረቀም አልደረቀ። እንዲወጣ እነግረዋለሁ። እኔ አላይም፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ስመለስ አልቆ ይጠብቀኛል። የሚወጣው እሱ ነው፣ ሥራው ነው፣ ሰው በገዛ እግሩ ነው የሚወጣው።

ሐምሌ 25

ጉርሙን አላስጠራሁትም።

ሐምሌ 26

አወቀች። መናኸሪያው ጋ አግኝታዋለች፤ ወደ ያዮ ሥራ ሊሄድ ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል። ለምን ጠፋህ ስትለው "ስንት ጊዜ መጥቼ! እናትሽ ናቸው የመለሱኝ" አላት።

በሩን ገፍታ ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነው። እንዲህ ተነጋገርን፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

"አልመጣም ሲሉኝ ነበር።"

"ቆርቆሮው እርጥብ ነበር።"

"ሳጥኑን የገዙልኝ እርስዎ። ሰው የመለሱብኝ እርስዎ። ሶኬቱን የነቀሉት እርስዎ። እኔ እኮ ደደብ ነኝ፣ ለእኔ ብለው የገዙት መስሎኝ!"

"ለአንቺ ነው የገዛሁት።"

"እንድቀር ይፈልጋሉ ወይስ እንድሄድ?"

"እንድትቀሪ።"

"ታዲያ አንድ ምክንያት ይንገሩኝ። አንድ!"

ዝናቡ አልኩ። እንደገና ቆርቆሮው አልኩ።

"አዳዳ እውነቷን ነው" አለች። "ቤቱን ብቻዎን ሊይዙት ነው። አባቴንም እንዲህ አድርገው ነው የያዙት፣ ከሰው ለይተው፣ ዝም ብለው።"

ጉርሙ ያዮ ነው። ሰኞ ቅርብ ነው። ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለች።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ሌላ ሠራተኛ አላገኘችም። ከሰዓት በኋላ መሰላሉን ራሷ አስደገፈችው። የኬብሉን ጥቅልል በትከሻዋ አድርጋለች፣ ጫማዋን አውልቃለች። ካፊያ ነበር። እኔ ስወጣ ጉልበቷ ጣሪያው ላይ ደርሷል።

ትግስት፣ ውረጂ አልኩ።

"ለደቂቃ ነው።"

ውረጂ። እለምንሻለሁ። ውረጂ ልጄ። መሰላሉን ያዝኩ፣ ነቀነቅሁት፣ ስነቀንቀው ደግሞ ፈራሁና ለቀቅሁት። ቆርቆሮው ላይ እግሯ ሲራመድ የሚያወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ። እግር ሲጸና አንድ ድምፅ አለው፣ ሲያንሸራትት ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሌላኛውን አወጣ። በእጇ ዲሹን ያዘች፣ ቆመች፣ ሳቀች እንኳን።

"አባቴ እንዴት እንደወደቀ አሁን ገባኝ" ብላ ወደ ታች አየችኝ። "ግን በእንዲህ ያለ ዝናብ ለዲሽ ብሎ ለምን ወጣ? እሱ ቴሌቪዥን አይወድም ነበር እኮ።"

ወደ ቤት ሮጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳጥኑ አረንጓዴውን አብርቶ ኬብሉን ይጠብቃል። ከሶኬቱ ነቀልኩት። ወጥቼ እያየችኝ የዝናብ ውኃ የሞላው በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ሊንሳፈፍ ሲል በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩት። ክዳን ስለሌለው ወዲያው ጠጣ።

"አሁን ውረጂ" አልኳት። "የምታገናኚው ነገር የለም።"

ቁጭ አለች፣ እዚያው ቆርቆሮው ላይ። አልተሳደበችም። ኬብሉን ከትከሻዋ አውጥታ ወደ ታች ለቀቀችው። ከዚያ በቂጧ እየተንፏቀቀች፣ ቀስ ብላ፣ እርከን በእርከን ወረደች። መሬት እስክትረግጥ እጄን ከበርሜሉ አላወጣሁም።

አጠገቤ አለፈች። ጠጅ ቤቱ በር ላይ ጠጪዎቹ ብርሌያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አንዱ "አበደች" አለ። አንዱ "ድሮም" አለው።

ሐምሌ 30

በማለዳው አውቶቡስ ሄደች። ሥራውን በአካል ለምና ለማስመለስ ነው። ሻንጣዋን ሻሽቱ ተሸከመችላት። በደጄ ሲያልፉ ቆም ያለች መሰለኝ፤ የሻንጣው እጀታ ነው የወለቀባቸው።

ደህና ሁኚ አልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። ለማኝ ለሰጪ እንደሚለው።

ሄደች፣ በሁለት እግሯ። ይህን ብቻ ልጻፍ።

ነሐሴ 3

ጾም። ዝናብ። ከሠፈር ሰላም የሚለኝ የለም። ሙነወር በመንገድ ሲያገኘኝ "ዕቃዬን አሰጠሙት አሉ። ይኸኛውንማ አልቀይርም" አለኝ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

ነሐሴ 5

ሻሽቱ መጣች። ከምትኩ ተዝካር ወዲህ የቤቴን ደፍ ረግጣ አታውቅም። አልተቀመጠችም።

"እሑድ ለት ስትጮኺ ሰማሁሽ" አለች። "በዚያ ሁሉ ዝናብ ከጠጅ ቤቱ ድረስ ይሰማል።"

በርጩማ ሳብኩላት።

"ምትኩ የወደቀ ለት ግን አልጮኽሽም።"

"ተኝቼ ነበር፣ እትዬ።"

"ቴሌቪዥንሽ አልተኛም ነበር። እዚያ ሆኜ እሰማው ነበር። ጠፋ። ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው ቆርቆሮው የጮኸው። ለተኛ ሰው ነው ያስተካከለው?"

ቴሌቪዥኑን ጨርቁን እንደለበሰ አየችው። እኔም አየሁት።

"ስድስት ዓመት ይህን ስፈልግ ነበር" አለች። "ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ። እሑድ አንቺ ራስሽ ሰጠሽኝ።"

"ለትግስት ነገሯት?"

"እስካሁን አልነገርኳትም" ብላ ወጣች።

ነሐሴ 6

አልተኛሁም።

ነሐሴ 7

ያን ለት ዝናቡ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከውስጥ ሆኖ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል።

ነሐሴ 11

ዛሬ ከሰዓት ሻሽቱ ስልኳን ይዛ መጣች። ከትግስት መልእክት ደርሷታል። ሻሽቱ ፊደል አልቆጠረችም። ጠጅ ቤቱ የሚያነብ ሰው ሞልቶታል፤ ለማንኛቸውም ማስነበብ ትችል ነበር። ለእኔ አመጣችው።

"አንብቢልኝ" አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"አዳዳ፣ ደርሻለሁ። ሥራውን መልሰው ሰጡኝ። ከአንዲት ልጅ ጋር ክፍል ተጋርቻለሁ፣ ጠባብ ናት ግን መስመር አላት። መቱ ከእንግዲህ የምመጣው አንቺን ለማየት ነው፣ ስመጣም አንቺ ዘንድ ነው የማርፈው። ለእሷ ስለ እኔ ምንም እንዳትነግሪያት።"

የመጨረሻውንም አነበብኩት። አልዘለልኩም።

ሻሽቱ ነጠላዋን ሰበሰበች። የጓሮው ውኃ በቦዩ ሲወርድ እንሰማ ነበር።

"መልስ ጻፊልኝ።"

"ምን ልጻፍ?"

"የምልሽን።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሥራሽን በማግኘትሽ ተደሰትኩ በይ።"

ጻፍኩ።

"አባትሽን ያን ለት ጣሪያ ላይ ያስወጣችው እሷ ናት በይ። ለድራማ ብላ። ተኝታ አልነበረም በይ።"

ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። የፈለግሁትን መጻፍ እችል ነበር። ክረምቱ በርትቷል፣ ራስሽን ጠብቂ ብጽፍ ሻሽቱ አታውቀውም። ልጅቷም አታውቀውም። መስከረም ይጠባል፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ በፋሲካ ምናልባት ትመጣለች፣ በደጄ ታልፋለች፣ ቆም ትላለች።

ሻሽቱ አታየኝም፣ ዝናቡን ነው የምታየው። አልቸኮለችም።

ጻፍኩት። ቃል በቃል፣ እንዳለችው። እሷ የሚለውን እሷ ብዬ፣ ስሜን ሳላስገባ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ያልኩሽን ነው የጻፍሽው?"

"ያሉኝን ነው።"

"ላኪው።"

ላክሁት። ስልኩን ልመልስላት ዘረጋሁላት፣ አልተቀበለችኝም። "ያዢው" አለች። "መልስ ብትልክ ማን ያነብልኛል?"

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ዝናቡ በረታ። እሷም አልሄደች፣ እኔም አልገባሁ።